ጠባቂዋ «ያ ሐራም» ያለች ቀን

«ዲናችሁ ነው እንዲህ የሚያደርጋችሁ፣ ወይስ ስትፈጠሩም እንዲህ ናችሁ?»

የጠየቀችኝ ጠባቂዋ ናት። የእስር ክፍሉ በር ላይ ቆማለች፣ ቁልፉን በአንድ ጣቷ አንጠልጥላለች፣ በሌላኛው እጇ ደም የነካው ሶፍት ይዛለች። እዛ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ሴት ነበርን፣ ሁላችንም ሐበሻ። ከሁሉም መርጣ እኔን የጠየቀችኝ የኔ አረብኛ ይሻላል ብላ ነው። ልክ ናት፣ ከአንዷ በቀር ከሁሉም ይሻል ነበር። የነገሩ ቆሻሻነትም እዛ ላይ ነው።

ያን ቀን እውነቱን አልመለስኩላትም። ለምን እንዳልመለስኩ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፣ ግን አላረዝመውም።

ቤሩት የመጣሁት የሥነ ዜጋ ዲግሪ ይዤ ነው። የምረቃ ጋዋኑን በመለስኩ በአምስተኛው ወር ባዕብዳ ኮረብታ ላይ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት እፈትግ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሃይማኖትና ግጭት ነው። ሥልሳ ገጽ። መደምደሚያው «መንስኤው አንድ ብቻ ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድምር ነው» ይላል። ኤ አገኘሁበት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ምንም አይልማ።

ማዳሜና ሚስተርም በዚሁ ጉዳይ ይጨቃጨቁ ነበር፣ እሑድ እሑድ ምሳ ላይ እንግዳ ሲኖር። ማዳሜ «ይቺን አገር የበላት ዲን ነው» ትላለች። ሚስተር ደሞ «ዲኑን ተይው፣ ሰው ነው አውሬ። ዲን ባይኖር በኳስ ይገዳደል ነበር» ይላል። እንግዶቹ ግማሹ ከሷ ጋር፣ ግማሹ ከሱ ጋር። እኔ ከኋላቸው ሰሃን ይዤ ቆሜያለሁ። ፓስፖርቴ ሚስተር መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እነሱ ሲወጡ በሩ በኔ ላይ ይቆለፋል። ስለ አውሬ እንደዛ ሲያወሩ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም። አንድ ቀን ብቻ የማዳሜ እናት፣ በጣም ያረጁ ሴትዮ፣ ማድ ቤት ገብተው ቆሜ ዳቦ ስጎርስ አዩኝ። ራሳቸውን ነቀነቁና «ያ ሐራም» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ምን ነካሁ? የቱን ሰሃን አረከስኩ? ቀኑን ሙሉ ሳጥብ ዋልኩ። በኋላ የጎረቤት ሠራተኛ ናት በረንዳ ለበረንዳ እየሳቀች ያስረዳችኝ። «አንቺ ጅል፣ እዚህ አገር ‹ያ ሐራም› ማለት ‹አይ ምስኪን› ማለት ነው! አዝነውልሽ ነው!»

ከዛ በኋላ ቃሉን በየቀኑ ሰማሁት። ድመት መኪና ሲገጫት ያ ሐራም። ቴሌቪዥን ላይ ተዋናይዋ ስታለቅስ ያ ሐራም። የኛ ማዳም ጥፍሯ ሲሰበርም ያ ሐራም። ስምንት ወር ሙሉ።

በስምንተኛው ወር ቆሻሻ ልጥል ወጣሁና በዛው ቀረሁ። ጃል ኤል ዲብ የሚባል ሰፈር ከሦስት ልጆች ጋር ክፍል ተከራየን። እኔ ፍሪላንስ፣ ያለ ማዳም፣ ማር ሚካኤል ሰፈር ነበር የምሠራው፤ ጠዋት ጠዋት የመጠጥ ቤቶቹን ወለል አጥባለሁ። ስድስት ወር እንደዛ ሆነ። አንድ እሑድ ሠላሳ የምንሆን ሴቶች መንገድ ዳር ካርቶን ይዘን ቆምን። «ፓስፖርታችንን መልሱ» ይላል ካርቶኑ፣ በአማርኛም በአረብኛም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አረብኛውን ከስልክ ላይ ገልብጬ፣ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው ተብሎ። ሲቪል የለበሰ ሰውዬ መጣና «ይሄን ማን ጻፈው?» አለ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሰው ዝም ሲል አልወድም። «እኔ ነኝ፣ ምን ችግር አለው?» አልኩት።

«ምንም ችግር የለውም። ኢቃማሽን አሳዪኝ» አለኝ። ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት ነው። ከማዳሟ የጠፋች ልጅ ኢቃማ የላትም። እሱም ያውቃል። ኸላስ፣ አለቀ፣ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ክፍሉ ከመሬት በታች ነው። መጀመሪያ ያየሁት መብራቱን ነው፣ የማይጠፋ ነጭ ፓውዛ፣ ሰውን ሁሉ በሽተኛ የሚያስመስል። ከዛ ሽታው መጣ። የሽንት፣ የእርጥብ ስፖንጅ፣ የብዙ ሰው ፀጉር ሽታ። ሽንት ቤቱ በር የለውም፣ ጥግ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ ፀጉር ደፍኖት ውኃው ወደኛ ይመለሳል። የሰው ፀጉር በእግሬ ጣቶች መሀል እየገባ በነጋ በጠባ አውጥቻለሁ። አስጠላኝ። ሰው ሁሉ አስጠላኝ፣ እኔም ጭምር።

ክፍሉ የራሱ መንግሥት ነበረው። የምትመራው አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት ሊባኖስ የኖረች ሴት ናት፣ ውጭ እያለች በኪራይ አዳራሽ ጸሎት ትመራ የነበረች። ሁሉም «እህት» ይላታል። እኔን «ዲግሪ» ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። «ዲግሪዬ፣ ለሽንት ቤቱ ወረፋ የሚሆን ቲዎሪ የለሽም?» ትለኛለች፣ ክፍሉ ይስቃል። ደህና ቀልድ ታውቃለች፣ አልክድም። አንድ ስፖንጅ ለሁለት ነው የምንተኛው፤ እሷ ብቻ ብቻዋን ትተኛለች፣ ለጸሎት ስለምትነሳ ተብሎ።

ውኃ የምንጠጣበት ሁለት ጀሪካን አለ። አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፣ የክርስቲያን ነው። ሌላው ላይ የሂጃብ ቁራጭ ታስሮበታል፣ የእስላም ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ስመጣ ነበር። ሁለቱም የሚሞሉት ከአንድ ቧንቧ ነው። አንድ ቀን ይሄን ነገር ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የሁለቱም ወገን ሴቶች እኩል ተቆጡኝ። ከእስላሞቹ በኩል ሰው የሚሰማት ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ሴት ነበረች። አገሩን በረገጠች በሦስት ሳምንቷ የተያዘች፣ አረብኛ ከሶላቷ ውጪ ምንም የማታውቅ። «አንቺ ተማርሽ እንጂ ክርሽን በጥሰሻል» አለችኝ፣ እኔ እንኳ ክርስቲያን ነኝ፣ የሷ ወገን አይደለሁም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አብራኝ የምትተኛውን ልጅ ለአውሮፕላን፣ ወደ አገር ሊመልሷት፣ ጠሯት። እያለቀሰች አቀፈችኝ፣ እኔም አለቀስኩ። በሩ እንደተዘጋ ግን መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምን መሰላችሁ? ስፖንጁ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ። አሥር ቀን ሙሉ ጉልበቴን አጥፌ፣ የሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ እየመጣ ነው የተኛሁት። እግር መዘርጋት እንደዛ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። የክፍሉ ሕግ ግን ግልጽ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ባዶ ቦታ ላይ ይተኛል። ባዶው ቦታ ደሞ የኔ ስፖንጅ ነው። ዛሬ ሰው ባይመጣ፣ ነገም ባይመጣ ብዬ ጸለይኩ። እኔ ጸሎት የማላውቀው።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ተከፈተ።

ልጅቷ ሃያ የሞላት አትመስልም። የወንድ ፒጃማ ለብሳለች። አንድ እግሯ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጫማ አይገባበትም፣ በኋላ እንደሰማነው ከማዳሟ በረንዳ ዘላ ነው። ትኩሳት ከንፈሯን ሰነጣጥቆታል። ጠባቂዋ፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ ቀይ የተቀባ ወፍራም ሴት፣ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። እግሯን አየችና ምላሷን አጩሃ «ያ ሐራም» አለች። ከዛ ቆለፈች።

ሁሉም ወደሷ ዞረ።

«ምን አለቻት?» አለች አንዷ።

«ያ ሐራም አለቻት እኮ።»

«ሐራም?»

«ያ! ሐራም! እየጠቆመቻት!»

በኛ ቋንቋ «ያ» ሲጠቁሙ ነው የሚባለው። «ሐራም» ደሞ እርም የሆነ፣ የማይነካ ነገር ነው፣ ይሄን ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። ስለዚህ ለብዙዎቹ፣ እዚህ አገር ከወር ከሁለት ወር በላይ ላልቆዩት፣ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው አማርኛ ሆነ፣ ጠባቂዋ አዲሷን ልጅ በጣቷ ጠቁማ እርም ናት አለች። ባለ ጅልባቧ ጀሪካኑን ወደ ጉያዋ ሳበች። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ሐራም ካሏት» አለች። እሷ ከልቧ ነው።

እኔ እህትን አየኋት። እሷም አየችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት! አሥራ ሁለት ዓመት ሊባኖስ ኖሮ «ያ ሐራም»ን የማያውቅ ሰው የለም። ዓይኗ ላይ አየሁት፣ ታውቀዋለች። እንደማውቅም ታውቃለች። እናገራለሁ ወይ ብላ ትንሽ ጠበቀች። ዝም ስል ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ስምሽ ማነው?»

ልጅቷ የእስላም ስም ነገረቻት።

«እና ግንባርሽ ላይ ያለው መስቀል ምንድነው?»

እውነትም ትንሽ ንቅሳት አለባት፣ የልጅነት። «ስሙ የፓስፖርቱ ነው» አለች ልጅቷ። «ደላላው ነው የቀየረው። እስላም የሚፈልግ ቤት ነው ብሎ።»

«እሺ አሁን አንቺ ማነሽ?»

«እ?»

«ማነሽ? የማን ነሽ?»

«አመመኝ» አለች ልጅቷ።

እህት ወደኛ ዞረች። «አያችሁ? መልስ የላትም። ይሄ መንፈስ ነው። ጠባቂዋ እንኳ አውቃባታለች፣ ጌታ በአሕዛብ አፍም ይናገራል።» ሁለት ሦስት ሰው «አሜን» አለ።

«የት ትተኛ ታዲያ?» አለች አንዷ፣ ሁሉም ወደኔ ስፖንጅ አዩ።

አሁን የምጽፈውን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እግሬን አልሰበሰብኩም። «ሽንት ቤቱ ጋ ቦታ አለ» አልኩ።

ሄደች። ምንም አልተከራከረችም። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ ያ ፀጉር የሞላው ውኃ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ሁለት ሰዓት ገደማ እንደዛ ቆየች። ከዛ ውኃ ጠማት። ሁለት ጊዜ «እባካችሁ» አለች። የክርስቲያኖቹ ወገን «ስሟ የእናንተ ነው፣ ስጧት» ይላል። የእስላሞቹ ወገን «መስቀሉ የእናንተ ነው» ይላል። ቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። በመጨረሻ ራሷ እየተንፏቀቀች መጣችና ቀይ ክር ያለበትን ጀሪካን አንስታ አፏ ላይ ደፋችው።

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ጮኸች እህት፣ ጀሪካኑን ከእጇ ነጥቃ። ውኃው ፈሰሰ። ልጅቷ ደሞ ከጥማቷ ብዛት ምንም አላስተዋለችም መሰለኝ፣ ዞረችና ሌላኛውን ጀሪካን ያዘች፣ የሂጃብ ቁራጭ ያለበትን። ባለ ጅልባቧ በጥፊ መታቻት። ከዛ አንዷ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ከዛ ሌላዋ።

የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰው ላይ ሲያርፍ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው የሰማ ያውቃል። እርጥብ ደሞ ነበር። እዛ ክፍል ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ተስማምተው፣ ተጋግዘው የሠሩት ብቸኛ ሥራ ይሄ ነው። ሰው ፊት ላይ ምን እንዳለ እያየሁ ነበር። ጥቂቶቹ በእውነት ፈርተዋል። አንዷ ትስቃለች። አንዷ በየምቱ የማዳሟን ስም ትጠራለች፣ ልጅቷን ረስታታለች። አንዷ ደሞ ሰው ስለተሰበሰበ ብቻ ነው የመጣችው፣ ምቱ እንኳ ደካማ ነው፣ እንዳትቀር ያህል። ልጅቷ ራሷን በክንዷ ሸፍና ዝም አለች። አልጮኸችም፣ «ምን አጠፋሁ» አላለችም።

እኔ አልመታሁም። ይሄን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ እኔ እኮ አልመታሁም። ስፖንጄ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

በሩ ተከፈተ። «ኸላስ! ኸላስ!» ጠባቂዋ ናት። ነጠላ ጫማዎቹ በአንዴ ወደየእግሩ ተመለሱ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው፣ ማንም ምንም አላደረገም። ጠባቂዋ እየከበዳት ቁጢጥ አለች። ልጅቷን አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት፣ ከኪሷ ሶፍት አወጣችና ከንፈሯን ጠረገች። «ያ ሐራም» አለች ቀስ ብላ። «ያ ሐራም፣ ያ ሐራም።» ቀይ ጥፍሮቿ የልጅቷን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለስ ያደርጋሉ።

ቃሉንና እጁን አንድ ላይ ያየ ሰው ከዛ በኋላ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ባለ ጅልባቧ አፏን ከፍታ ቀረች።

ጠባቂዋ ተነሳች፣ ሶፍቱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች፣ ከዛ ነው እኔን መርጣ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ። ዲናችሁ ነው ወይስ ስትፈጠሩም እንዲህ ናችሁ?

መልስ መዓት ነበረኝ። ሥልሳ ገጽ አለኝ። ደሞ ልሳደብም አስቤ ነበር፣ «የናንተ ሕንፃ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ እኛ ነን የበሳነው?» ልላት። ጥሩ መልስ ነበር። የልጅቷ ዓይን ግን እኔ ላይ ነበር። «ማ ባአሪፍ» አልኩ። አላውቅም።

ጠባቂዋ ተነፈሰችና ዘጋችው። ከሁላችን ያዘነችው እሷ ብቻ ናት፣ አዝናም ቆለፈች።

ባለ ጅልባቧ ቀጥ ብላ እኔ ጋ መጣች። «አንቺ ዲግሪ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቃሉ ምንድነው?»

«ምስኪን ማለት ነው» አልኩ። «ሲያዝኑልሽ ነው የሚሉት።»

«ወላሂ?»

«አዎ።»

ባለችበት ቁጭ አለች። እጇን፣ ያ በጥፊ የመታችበትን እጇን፣ አገላብጣ አየችው። «ወላሂ አላወቅኩም፣ ወላሂ» ትላለች፣ እንባዋ ይወርዳል። እህት ከስፖንጇ ሳትነሳ «ጌታ ለበጎ ነው የፈቀደው፣ ክፍሉ ሊፈተን ነበር» አለች። ልተፋባት ምንም አልቀረኝ። አፌ ግን ደርቆ ነበር።

ብርድ ልብሴን ይዤ ተነሳሁና ልጅቷ ጋ ሄድኩ። «ነይ፣ ስፖንጅ አለ፣ ነይ እዛ ተኚ» አልኳት። ድምፄን ደግ አድርጌ።

አየችኝ። «እኔ እኮ እውነቷን ነው ብዬ ነው» አለች። «ጠባቂዋ ሐራም ስትለኝ። ስም መቀየሬን፣ ቤት ጥዬ መጥፋቴን፣ ሁሉን አውቃብኝ መስሎኝ። ለዛ ነው ዝም ያልኩት።»

«አይ፣ እንደዛ አይደለም...»

«አንቺ ስንት ጊዜሽ ነው እዚህ አገር?»

«ዓመት ከሁለት ወር።»

«ቃሉን ዛሬ ነው የሰማሽው?»

ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመርኩ። የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

«እሺ» አለች። «ሂጂ ተኚ፣ እህቴ።»

ከዛ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። በአንድ እግሯ እያነከሰች ቧንቧው ጋ ሄዳ ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን በጣቶቿ አበጥራ ጎነጎነችው፣ የተቀደደውን የፒጃማ አንገት በአንድ በኩል ሰብስባ ቋጠረችው። ተመልሳ ያው ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ባለ ጅልባቧ ከራሷ ጀሪካን ውኃ ቀድታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች፣ አጠገቧ ተንበረከከች። ልጅቷ ያቺን የመታቻትን ሴት እጅ አየች። ተቀበለቻት። ጠጣች። «አላህ ይስጥልኝ» አለቻት። እኔ ያልመታሁት ግን ስፖንጄን ይዤ ቀረሁ።

በማግሥቱ ጠርተው ወሰዷት፣ ለሐኪም ይሁን ለአውሮፕላን አላውቅም። እኔ ስፖንጁ ላይ ሰባት ሌሊት ብቻዬን ተኛሁ። እንቅልፍ አጣሁ ብል ደስ ባለኝ። ደህና አድርጌ ተኛሁ።

በአርባኛው ቀን ተፈታሁ። ጠበቃ ያገኙልኝ ካርቶን ይዘን አብረን የቆምነው ሴቶች ናቸው። ወረቀቴም በስንት መከራ ተስተካከለ። አሁንም ጃል ኤል ዲብ ነኝ፣ ከሁለት ልጆች ጋር። አንዳንዴ ስልኬ ላይ የጦርነት ዜና ሲመጣ፣ ያገራችንም የዚህ አገርም፣ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ይከራከራሉ። አንዷ «ሃይማኖት ባይኖር ሰላም ነበር» ትላለች፣ ሌላዋ «ሰው ክፉ ነው፣ ሃይማኖት ባይኖር ይብሳል» ትላለች። ባዕብዳ ምሳ ላይ የተመለስኩ ይመስለኛል። ሁለቱም መልስ ደስ የሚል ነገር አለው፣ ተናጋሪው ውስጡ የለበትም።

ባለፈው እሑድ እነዚህ ልጆች ጎትተው የኪራይ አዳራሽ ወሰዱኝ፣ አምልኮ። ብዙ አልሄድም፣ ግን እኔም ሥራ የማገኘው በአዳራሹ ሴቶች በኩል ነው፣ የክፍላችንን ተያዥም ያገኙልን እነሱ ናቸው። ዝማሬው አለቀና «ምስክርነት ያላችሁ» ተባለ። ማይኩን የያዘችው እህት ናት። እሷም ከተፈታች ቆይታለች፣ ወፍራለች፣ አምሮባታል።

ስለ እስር ቤቱ መሰከረች። ጌታ እንዴት እንደጠበቃት። ከዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ቀን ክፉ መንፈስ ያለባት ልጅ አስገቡብን። ጠባቂዋ አሕዛብ ናት፣ ግን እግዚአብሔር በአፏ ተናገረ፣ ‹ይቺ ርኩስ ናት› አለች። እኛም ተነሳን። መንፈሱን በጸሎት መታነው! መታነው፣ መታነው፣ እስኪወጣ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሃሌሉያው፣ ጭብጨባው።

«ምስክር አለኝ!» አለች እህት፣ እየፈለገች። ዓይኗ አገኘኝ፣ ፈገግ አለች። ዝም እንደምል እርግጠኛ ናት፣ አንዴ አይታኛላ። «ዲግሪዬ! አንቺም ነበርሽ። ተነሺ፣ ጌታ ያደረገውን መስክሪ።»

ማይኩ በሰው እጅ እያለፈ መጣ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቀሚሴን ያዘች። «‹አሜን› በይና ተቀመጪ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ቤታችንን አስቢ።»

ተነሳሁ።

«ሰይጣን አላየሁም» አልኩ። ማይኩ ጮኸ፣ ትንሽ ራቅ አደረግኩት። «ልጅቷ እግሯ አብጦ ነበር፣ ውኃ ጠምቷት ነበር። የመታናት በጸሎት አይደለም፣ በነጠላ ጫማ ነው። ጠባቂዋ ‹ያ ሐራም› ነው ያለችው፣ እዚህ ያላችሁ ሁላችሁ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ከኋላ አንዷ «ውይ» ስትል ሰማሁ። እህት «ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ መንፈስሽ ታውኳል» አለች። ፈገግታዋ አልጠፋም።

«የዛን ቀን ዲናችሁ ነው ወይስ አፈጣጠራችሁ ተብዬ ተጠይቄ ነበር፣ አላውቅም አልኩ» አልኩ። «ውሸቴን ነው። አውቅ ነበር። እህት፣ አንቺም ታውቂ ነበር፣ የአንቺን አንቺ ተናገሪ። እኔ ቃሉን እያወቅኩ ዝም ያልኩት፣ ሽንት ቤቱ ጋ ትተኛ ያልኩት፣ ስፖንጅ ላይ ብቻዬን መተኛት ስለፈለግኩ ነው።»